መጋረጃ ሰፍቼ እሸጣለሁ፤ ማህበራዊ ሚዲያን ተምሬ ልጀምር ወይስ ገንዘቡን ጨርቅ ልግዛበት?

ባለመርፌዋ (ኮዬ ፈጬ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ የምድር ሱቅ ተከራይቼ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስና የአልጋ ልብስ እሰፋለሁ። አንዱን የስፌት መኪና እኔ፣ ሌላውን የአክስቴ ልጅ እንይዛለን፤ ጨርቁን ከመርካቶ አመጣለሁ። ሥራዬን የሚያውቁት በደጃፌ የሚያልፉ ሰዎች ብቻ ናቸው። ከጥቂት ብሎኮች ማዶ የምትኖር ሴት መጋረጃ ለማሰፋት ታክሲ ተሳፍራ እስከ መርካቶ ስትሄድ ሳይ ያንገበግበኛል።

የፌስቡክ ገጽ አለኝ፤ የቴሌግራም ቻናልም ከፍቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ስትሰፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለጥፈን ብዙ ሰው አይቶታል። የጻፉልን ግን ከሐዋሳ፣ ከመቀሌ፣ እንዲያውም ከቤይሩት ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አመሰገኑን፣ መረቁን፤ የገዛ ግን የለም። አሁን አንድ ማሠልጠኛ ዲጂታል ማርኬቲንግ በ15,000 ብር አስተምራለሁ እያለ ነው። ለኔ ይህ ገንዘብ የጨርቅ ገንዘብ ነው። ልማር? ከተማርኩስ ከሁሉ በፊት ምኑን? ለክቶ መቁረጥ የለመደ ሰው በግምት መሄድ ይጨንቀዋል።

ዶሮ አርቢ (ሰንዳፋ)

እኔ ተምሬያለሁ፤ ጠቅሞኛልም። ግን መምህሩ በእያንዳንዳችን ገጽ ላይ እያሠራ ስላስተማረን ነው። ከመክፈልሽ በፊት አሠልጣኙ ራሱ የሚያስተዳድረውን አንድ የሱቅ ገጽ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ምክንያት ከደረደረ ጨርቅሽን ግዢ። እንግሊዝኛ ካላስቸገረሽ ሜታ፣ የፌስቡክ ባለቤት ማለት ነው፣ ብሉፕሪንት በሚለው ጣቢያው ነጻ ትምህርቶች አሉት። ቪዲዮዎችን ቀድሞ ሠርቶ በሰዓታቸው እንዲወጡ ማዘዝንም ሆነ የእይታ ቁጥር ማንበብን ከዚያ መማር ይቻላል።

አሮጌው ታፔላ (ቃሊቲ)

ልጄ ብልሽ አይክፋሽ፣ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ዘመኔን የሱቅ ታፔላ ስጽፍ ኖሬ ዛሬ የጎረቤቶቼን ገጾች በስልኬ እይዛለሁ።

ሐዋሳና ቤይሩት ማየታቸው አይግረምሽ። ቲክቶክ ቪዲዮ የሚያድለው በዋናነት ተመልካቹ ምን ማየት እንደሚወድ እየተከተለ ነው፤ ከሱቅሽ የስንት ደቂቃ መንገድ ላይ እንዳለ ብዙም ግድ አይሰጠውም። መጋረጃ ስትሰፋ ማየት የሚወድ ሰው ሁሉ መጋረጃ የሚገዛ አይደለም። አንቺ የሚያስፈልግሽ በእግሩ ሊመጣ የሚችል ሰው ነው።

እንግዲህ ሌላው መጋረጃ ሰፊ የሌለው፣ አንቺ ግን ተቀምጠሽበት ያላየሽው ሀብት አለ። የ20/80 ቤት ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ተብሎ የተሠራ ነው። በአንድ ዲዛይን በተሠሩ ብሎኮች የአንዱ ባለ ሁለት መኝታ መስኮት የሌላው ባለ ሁለት መኝታ መስኮት ነው። ለቪላ ቤት የሚሰፋ ባለሙያ ዋጋ ሲጠየቅ «መጥቼ ልለካ» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? አንቺ ግን አንዴ ለክተሽ ለመቶ ቤት መናገር ትችያለሽ። «ለባለ ሁለት መኝታ፣ ሳሎኑም መኝታ ቤቶቹም፣ ስሱ የውስጥ መጋረጃና ማሰሪያው ተጨምሮ፣ ይህን ያህል ብር» ብለሽ ጻፊ። ሥሩ ደግሞ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚገባበት ዘርዝሪ። ሽብሽቡ እንዲያምር ከመስኮቱ ስፋት እጥፍ ያህል እንደምትቆርጪ ካልገለጽሽ ገዢው በጨርቅ የተሞኘ ይመስለዋል።

ዋጋ ስል አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባል በሽታ ከየት እንደመጣብን አላውቅም። ታፔላ ሰቅሎ በር እንደመቆለፍ ነው! የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ሕጉን እንኳ እንተወው፤ ዋጋ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው መልስሽ ሳይደርሰው መርካቶ ደርሶ ይመለሳል። ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የጨርቅ ዋጋ መረጋጋት አቅቶት እንደሚያስቸግርሽ ይገባኛል። እንግዲያው «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ የጸና ነው» በይና ሲለወጥ ለውጪው።

ፎቶው ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን ፊት ለፊት ካነሳሽው ብርሃኑ ከጀርባ ስለሚመጣ መጋረጃው ጥቁር ጥላ ይሆናል። ወደ ጎን ቁሚና የስልክሽን ስክሪን መጋረጃው ላይ ንኪው፤ ስልኩ ብርሃኑን ለመጋረጃው ያስተካክላል። ቀለሙን ለማሳየት ከጨርቁ አጠገብ ነጭ ወረቀት ያዢ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታየ የጨርቁም ቀለም እንደዋሸ ተመልካቹ ይረዳል። ከዚያ ጠርዙን ገልብጠሽ ቅምቅማቱን በቅርብ አሳዪ። ከመርካቶ ተዘጋጅቶ ከሚመጣው የምትለዪው በእሱ ነው፤ ሴቶች መጀመሪያ የሚያገላብጡትም እሱን ነው።

ይህን ሁሉ የት ትለጥፊዋለሽ? ብሎኮች የነዋሪ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ውሃ ሲጠፋ የሚጮኹበት። የኮሚቴውን ሰብሳቢ አስፈቅደሽ አንድ ጊዜ፣ በሥርዓቱ፣ የዚያን ብሎክ ዓይነት ቤት ዋጋ ከቻናልሽ አድራሻ ጋር ለጥፊ። በየቀኑ ከለጠፍሽ ያስወጡሻል፣ ደግ ያደርጋሉ። ቻናልሽን የተቀላቀለ ሰው የምትለጥፊውን ሁሉ ያገኛል፤ ፌስቡክ ግን ለተከታዮችሽ ሁሉ አያደርስልሽም።

ስማርት ስልክ ጠጋኝ (ገላን)

የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ የተከፈለበት ማስታወቂያ ላይ ግን ልጨምር። ፌስቡክ ላይ ቡስት ስታደርጊ ካርታ ላይ ሱቅሽን መርጠሽ ዙሪያውን ባሉ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ እንዲታይ ማድረግ ትችያለሽ። ይህን ሳይነኩ አገር ሙሉ የሚያስተዋውቁ አሉ፤ ገንዘቡ ጎንደር ላይ ያልቃል። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ብር ተቀብለው የሚከፍሉልሽ ሰዎች ታገኛለሽ። የገጽሽን የይለፍ ቃል አትስጪያቸው፤ ማስታወቂያ ብቻ የሚያሠራ ፈቃድ ከገጹ ቅንብር ላይ መስጠት ይቻላል።

ቀብድ ሳትቀበዪ ጨርቅ አትቁረጪ። የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ሲልኩልሽም ፎቶውን አትመኚ፤ እየተቀነባበረ ይላካል። በራስሽ ስልክ ገንዘቡ መግባቱን አይተሽ መቀስ አንሺ።

የደንበኞችሽን ስልክ ቁጥርም ደብተር ላይ ያዢ። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡ ጊዜ ቻናል ብቻ የነበራቸው ሻጮች ከደንበኞቻቸው ጋር ተቆራርጠው ነበር።

ባለመርፌዋ (ኮዬ ፈጬ)

ጋሼ፣ ይክበሩልኝ። የመስኮቱን ነገር እንዳነበብኩ የትዕዛዝ ደብተሬን ገለጥኩ። እውነትም በአቅራቢያዬ ያሉት ባለ ሁለት መኝታዎች ልኬት አንድ ነው፤ በየጊዜው እንደ አዲስ እየጻፍኩት ኖሬያለሁ። የስቱዲዮው ግን በረንዳውን በመስታወት የዘጉ ስላሉ ይለያያል። የ40/60 ቤቶችም ሳሎናቸው ሰፋ ያለ ነው። እነሱን ምን ላድርግ? ዋጋ ጽፌ ሲመጡ ልክ አይደለም ብል ሐሰተኛ እንዳልባል እፈራለሁ።

አሮጌው ታፔላ (ቃሊቲ)

የ40/60ውን ለብቻው ለክተሽ ለብቻው ለጥፊ፤ ከ20/80ው ጋር አታደባልቂው። በረንዳ የዘጉት ዋጋው የእነሱ እንዳይመስላቸው «በረንዳው ያልተዘጋ ስቱዲዮ» ብለሽ በዋጋው መስመር ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ጻፊ። ከሥር በደቃቅ ፊደል አይሁን፣ ታፔላ ላይም ሲያደርጉት አልወድም። ለዘጉት ደግሞ ከመስቀያው ብረት እስከ ወለሉ እንዴት እንደሚለኩ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሥሪ፤ የአክስትሽ ልጅ ሜትሩን ትያዝ፣ ካሜራ አትፈራም መሰለኝ። ልኬታቸውን ይልኩልሻል፣ ዋጋውን እዚያው ትነግሪያቸዋለሽ።

ባለመርፌዋ (ኮዬ ፈጬ)

እሷ ካሜራ ስታይ መስፋቱን ትታ ትሽኮረመማለች፤ ሜትሩን እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ትቅረጽ። ለትምህርቱም ደውዬ የሚያስተዳድሩትን ገጽ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። «ሲመዘገቡ እናሳያለን» አሉኝ። ነገ መርካቶ እወርዳለሁ፤ ስሱ ነጭ ጨርቅ በጥቅል የት እንደሚሻል የምታውቁ ካላችሁ እስከ ማታ ጻፉልኝ።