ጥቆማ፦ ቤት ያዘጋጀሁትን ኮንዲሽነር ይዤ ብሄድ የሚቀበለኝ ፀጉር ቤት ጅማ ውስጥ አለ?

ከርዳዳዋ፦ ፀጉሬ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ነው፤ ውኃ ቶሎ አይገባውም። አቮካዶና ማሩን እኔ አዘጋጅቼ የስቲም (የእንፋሎት) ብቻ የሚያስከፍለኝ ቤት ጠቁሙኝ። አጂፕ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል። ንጹሕ የጉሎ ዘይት የሚገኝበትንም።

ሹሩባ ወዳጅ፦ ፀጉር ቤቱን ተይው እህቴ። አንድ የበሰለ አቮካዶ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት። በሹካ አትደቁሺው፤ በብሌንደር ፍጪና በስስ ሻሽ አጥልዪው። ያልተጠለለ አቮካዶ ከርዳዳው ውስጥ ደርቆ ይቀራል፤ በማበጠሪያ አወጣለሁ ስትዪ ፀጉሩ ይበጠሳል። ታጥቦ ገና እርጥብ እያለ አራት ቦታ ከፍለሽ ከጫፉ ጀምረሽ ቀቢ። በፌስታል ሸፍኚና በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ጠምጥሚበት። 30 ደቂቃ በቂ ነው።

ማር ያንገበገበው፦ የማር ነገር አታንሱብኝ! ከአንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ አንድ ኪሎ ገዝቼ በሳምንቱ ነጭ ሆኖ ረጋ። ብሬን መልሱ ብል «ተፈጥሮው ነው» ብለው ሸኙኝ።

የሐሙስ ገበያ፦ ሂርማታ ገበያ ያለችው የእኔ ደንበኛ እንዲህ አታደርግም። የእሷ ማር ንጹሕ ነው።

ማር ያንገበገበው፦ አስመርምረሽው ነው?

የሐሙስ ገበያ፦ ምን ያስመረምረኛል፣ ሴትየዋን አውቃታለሁ!

ባለ ብሌንደር፦ ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ መርጋቱ ብቻ ስኳር ለመጨመሩ ማስረጃ አይሆንም። ዕቃውን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አቆዩት፣ ይሟሟል።

ለጋ ቅቤ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ቅቤ አናት ላይ ጣል አድርጎ መተኛት ነው።

ጎረቤት፦ ልክ ነሽ፣ ትራሱም አብሮ ይለሰልሳል።

ባለ ብሌንደር፦ ቅቤ ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ እርጥበት አይሰጥም። ከኮንዲሽነሩ በኋላ፣ ያውም ትንሽ። ውኃ ለማይገባው ፀጉር ተልባውን ሞክሪ፦ ሩብ ኩባያ ተልባ በ2 ኩባያ ውኃ እያማሰልሽ ቀቅዪ፤ እንደ እንቁላል ነጭ መዝለግለግ ሲጀምር አውርደሽ በትኩሱ አጥልዪው። ከቀዘቀዘ ከፍሬው አይላቀቅም። እንቁላል ከጨመርሽ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ፣ አለዚያ ፀጉርሽ ላይ ይበስላል። የአቮካዶው ትራፊ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ2 ቀን በላይ አይቆይ።

ከርዳዳዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስቲሙስ?

ጎረቤት፦ ስቲም አለን ብለው ካስክ (ፀጉር ማድረቂያው) ሥር እንዳያስቀምጡሽ። ካስክ ደረቅ ሙቀት ነው፤ ያለ ፌስታል ከገባሽ አቮካዶው ፀጉርሽ ላይ ይጋገራል። መጀመሪያ «እንፋሎት ያወጣል ወይ?» በያቸው።

የሐሙስ ገበያ፦ ማሩን ግን ከእሷ ግዢ፣ በእኔ ይሁን።

ማር ያንገበገበው፦ በአንቺ ከሆነማ ሂሳቡን ክፈያ!