የፍርድ ቤት ውሳኔ ክሬዲቴን ያበላሸዋል?

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነኝ፤ ኡበር እነዳለሁ። የድሮ የክሬዲት ካርድ ዕዳዬን የገዛ ድርጅት ከሶኝ ተፈረደብኝ። ቤት ለመግዛት እያሰብን ስለነበር ባለቤቴ በጣም ተጨንቃለች። ፍርዱ ክሬዲት ሪፖርቴ (የብድር ታሪኬ መዝገብ) ላይ ይወጣል?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ክሬዲት ሪፖርት የሚያዘጋጁት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ እንዲህ ያለውን ፍርድ ከሪፖርት ሰርዘውታል። ዕዳው ራሱ ግን መክፈል ካቆምክበት ጊዜ አንስቶ ለ7 ዓመት ይታያል። የክሬዲት ስኮርህን (ነጥብህን) የሚጎዳው እሱ ነው።

መልስ፦ ይህ ማለት ግን ተረስቷል ማለት አይደለም! ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ላይ እሠራለሁ። አበዳሪዎች የፍርድ ቤት መዝገብ ያያሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ፍርዱ ለ12 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ከሳሾችህ ባንክ ያለህን ገንዘብ ሊያስይዙብህ ይችላሉ። እባክህ ከእነሱ ጋር ተደራደር፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ያዝ። ከፍለህ ስትጨርስ ደግሞ መከፈሉ ፍርድ ቤት መመዝገቡን ራስህ አረጋግጥ።