ፖስትግሬስ ኮኔክሽን ሞልቷል እያለ ሰርቪሶቼን ይመልሳቸዋል፣ ምን ላድርግ?

ሄለን_ዴቭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ነኝ። በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ፍሬምወርክ) የሠራኋቸው አራት ሰርቪሶች አሉኝ፤ ደንበኛ፣ ትዕዛዝ፣ ክፍያና ማሳወቂያ። አራቱም አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ነው የሚጠቀሙት። ላፕቶፔ ላይ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ሳስነሳ ይሠራል። ኩበርኔቲስ (ሰርቪሶችን በብዙ ኮፒ የሚያስነሳና የሚያስተዳድር ሲስተም) ላይ ሦስት ሦስት ኮፒ ሳደርግ ግን መጨረሻ የሚነሱት ይወድቃሉ፣ ሎጉ ላይ «ሶሪ፣ ቱ ሜኒ ክላየንትስ ኦልሬዲ» (የገባው ክላየንት በዝቷል) ይላል። ግራ የገባኝ ገና አንድም ተጠቃሚ አለመግባቱ ነው። ማክስ ኮኔክሽንስን (ፖስትግሬስ የሚቀበለውን የኮኔክሽን ጣሪያ) 500 አድርጊው ያለኝ ሰው አለ። ይሻላል? የፑሉን (ኮኔክሽኖችን ከፍቶ የሚያቆየውን) ሴቲንግ አልነካሁትም።

ባክኤንድ_ሰፈር፦
ችግሩ እዚያው ፑሉ ላይ ነው። ስፕሪንግ ቡት ሃይካሪ የሚባለውን ፑል ይዞ ይመጣል፣ ካልነካሽው የሃይካሪ ጣሪያ 10 ኮኔክሽን ነው። ሥራ ባይኖርም ከፍቶ የሚያቆየውን ዝቅተኛ ቁጥርም ለብቻው ካልወሰንሽለት 10 ስለሚያደርገው ተጠቃሚ ኖረም አልኖረም አሥሩንም ከፍቶ ይጠብቃል። አሁን አስይው፦ 4 ሰርቪስ በ3 ኮፒ 12፣ በ10 ሲባዛ 120። የፖስትግሬስ ጣሪያ ደግሞ ካልተቀየረ 100 ነው። ላፕቶፕሽ ላይ 40 ብቻ ስለነበር ነው ያልታየሽ።

የፑሉን ጣሪያ 5 አድርጊው፣ 60 ይሆናል። አዲስ ቨርዥን ስታወጪ ኩበርኔቲስ አሮጌውን ሳይዘጋ አዲስ ስለሚያስነሳ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ አንድ ትርፍ ኮፒ ቁጠሪ፤ 16 በ5፣ 80። አሁንም ይበቃል። 500 አታድርጊው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱን ፕሮሰስ ነው የሚያስነሳው፣ ሜሞሪ ይበላል፣ ሁለት ኮር ያለው ሰርቨር ላይ ደግሞ ሁሉም ሲፒዩ ይሻማል እንጂ ሥራው አይፈጥንም።

ዳታ_ወዳጅ፦
ፒጂባውንሰርስ (ከፖስትግሬስ ፊት የሚቆም የኮኔክሽን አከፋፋይ)? መሐል ላይ አስቀምጪው፣ ሰርቪሶቹ በፖርት 5432 ፈንታ በ6432 ይግቡ፣ ትራንዛክሽን ሞድ (ኮኔክሽኑ ለአንድ ትራንዛክሽን ብቻ የሚሰጥበት) ላይ አድርጊው። ብዙ ክላየንት በጥቂት እውነተኛ ኮኔክሽን ይስተናገዳል።

ባክኤንድ_ሰፈር፦
ጥሩ ነው፣ ግን ለ12 ኮፒ አያስፈልጋትም። ትራንዛክሽን ሞድ ላይ ሊስን (ከዳታቤዙ መልእክት መጠበቂያው ትዕዛዝ) አይሠራም፣ በሴሽን ደረጃ የሚያዝ አድቫይዘሪ ሎክም (አፕሊኬሽኑ ራሱ የሚይዘው ቁልፍ) እንደዚያው። ፕሪፔርድ ስቴትመንት (አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚደጋገም ጥያቄ) ደግሞ ከ1.21 በፊት ባሉት የፒጂባውንሰር ቨርዥኖች ያስቸግራል። ኮፒው ሲበዛ ያኔ ታስገባዋለች።

የኔታ_ኤስኪውኤል፦
እህቴ፣ ኤረሩን ሳየው አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ፖስትግሬስ ከ100ው 3 ቦታ ለሱፐርዩዘር (ሙሉ ሥልጣን ላለው ዩዘር) ያስቀራል፣ ስለዚህ ተራ ዩዘር 97 ላይ ሲደርስ የቀሩት ቦታዎች የተያዙ ናቸው የሚል ሌላ መልእክት ነው የሚያየው። አንቺ ጋ የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነው። ሰርቪሶችሽ የሚገቡት ሱፐርዩዘር በሆነው «ፖስትግሬስ» በሚባለው ዩዘር ሳይሆን አይቀርም። ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሪው፤ ሲሞላ አንቺም ገብተሽ ማየት አትችዪም፣ አንዱ ሰርቪስ ላይ ቀዳዳ ቢገኝ ደግሞ ሁሉም ቴብል ተጋለጠ ማለት ነው። ለየሰርቪሱ የራሱ ስኪማ (ቴብሎቹ ለብቻ የሚቀመጡበት ክፍል)፣ የራሱ ዩዘር። ማሳወቂያ የክፍያን ቴብል በቀጥታ የሚያነብ ከሆነ ሰርቪሶቹ የተለያዩት በስም ብቻ ነው፣ አንዱን ኮለም ስትቀይሪ ሌላው ይሰበራል።

ክፍያ ላይ ደግሞ የውጭውን የክፍያ አገልግሎት ኤፒአይ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን ውስጥ ሆነሽ ነው የምትጠሪው? እሱ መልስ እስኪሰጥ ኮኔክሽኑ ተይዞ ይቆያል፣ አምስቱም እንዲህ ከተያዙ ስድስተኛው ጠያቂ 30 ሰከንድ ጠብቆ ይወድቃል። ትዕዛዙን መዝግበሽ ኮሚት አድርጊ (ትራንዛክሽኑን አጽድቀሽ ዝጊ)፣ ከዚያ ጥሪ፣ ውጤቱን በሌላ ትራንዛክሽን ጻፊ።

ሄለን_ዴቭ፦
አዎ፣ በፖስትግሬስ ዩዘር ነበር የምገባው! ፑሉን 5 አድርጌ፣ ዩዘሮቹን ለይቼ አስነሳሁት፣ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ (ፖስትግሬስ የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን የሚያሳይበት) ላይ የሰርቪሶቹ ልክ 60 ነው። ግን ኤፒአዩ ከፍሎ ሁለተኛውን ትራንዛክሽን ሳልጽፍ ፖዱ (ኩበርኔቲስ ላይ የሚሮጠው ኮፒ) ቢሞትስ?

የኔታ_ኤስኪውኤል፦
ለዚህ ነው መጀመሪያ «በሂደት ላይ» ብለሽ ከልዩ ቁጥር ጋር የምትመዘግቢው። ያንኑ ቁጥር ለኤፒአዩም ላኪለት። በየደቂቃው የሚሮጥ ጆብ በሂደት ላይ ቆመው የቀሩትን እያነሳ በቁጥሩ ይጠይቅ፤ ተከፍሏል ካለ ይዝጋው፣ የለም ካለ በዚያው ቁጥር ድጋሚ ይላክ። ኤፒአዩ አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንደማያስከፍል ግን ዶክመንቴሽኑ ላይ አረጋግጪ።