ትልቅ ባለ ሸራ ጀልባ ለውድድር እንዴት እንለማመድ? (ሐይቅ፣ ወሎ)

የሐይቅ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ? እኛ ሐይቅ ከተማ የምንኖር ስምንት ወጣቶች ነን፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ውጭ አገር ያለ የሰፈራችን ልጅ ዘጠኝ ሜትር የምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቶ ላከልን። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጋ በከባድ መኪና ነው የመጣችው። አንድ ደቀል (ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ) እና ሁለት ሸራ አላት፤ ዋናውና የፊቱ። ከሥሯም ከባድ ኪል፣ ማለትም እንዳትገለበጥ የሚይዛት ብረት አላት።

ሐይቁ ላይ በአራት ሰው የምትነዳ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ አለች። ከእነሱ ጋር ልንወዳደር ተስማምተናል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን እንቀድማቸዋለን። ወደ ነፋሱ መውጣት ሲመጣ ግን ጉዱ ይፈላል። በየመታጠፊያው ጀልባችን ቀጥ ትላለች። የፊቱ ሸራ ደቀሉ ላይ ይለጠፋል፣ ገመዱ ይቆላለፋል፣ ስምንታችንም አንድ ላይ እንጮሃለን። ትንሿ ጀልባ ሹልክ ብላ ታልፈናለች። ሥራ እንዴት እንከፋፈል? እንዴት እንታጠፍ? የውድድር አጀማመሩስ እንዴት ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

ጡረተኛው ባሕረኛ (ኮምቦልቻ)
ልጆቼ፣ አብሽሩ። እኔ ምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ከሁሉ በፊት ጩኸቱን አስቁሙ። ጀልባ ላይ ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መሪውን የያዘው። ሌላው የሚናገረው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ወይም አደጋ ሲያይ ነው።

ስምንት ሰው ይበቃል። አንድ መሪ ላይ። አንድ ዋናው ሸራ ላይ። ሁለት የፊቱ ሸራ ገመድ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። አንድ ፊት ጫፍ ላይ። አንድ ደቀሉ ሥር። አንድ ሸራ መስቀያና ማውረጃ ገመዶቹ ዘንድ። ስምንተኛው እጁን ባዶ አድርጎ ነፋሱንና ተፎካካሪውን የሚያይ ይሁን፤ ለመሪው በጆሮው ይንገረው። ቦታ ቶሎ ቶሎ አትቀያየሩ። አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ እጁ እስኪለምድ ይቆይ።

ትእዛዙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። መሪው «ለመታጠፍ ተዘጋጅ» ይላል። የገመድ ሰዎቹ «ዝግጁ» ሳይሉ ጀልባዋ አትዞርም። ከዚያ «ታጠፍ»። በቃ፣ ከዚህ ያለፈ ቃል አያስፈልግም።

የደሴ ልጅ ከኬፕታውን
እኔ እዚህ ቅዳሜና እሑድ በውድድር ጀልባ ላይ የፊት ሸራ ገመድ እይዛለሁ። ማሻአላህ፣ አገሬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መስማቴ በጣም ነው ደስ ያለኝ! ወንድሜ፣ ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ አትሄድም። ከነፋሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል ገደድ ብላ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ አንድ መታጠፊያ ማለት 90 ዲግሪ ገደማ መዞር ነው። በመካከል ሸራው የማይሠራበት ጊዜ አለ። ያንን የምትሻገሩት በያዛችሁት ፍጥነት ብቻ ነው። ፍጥነት ሳትይዙ ከገባችሁ ጀልባዋ ቀጥ ትላለች።

ከመታጠፋችሁ በፊት ትንሽ ከነፋሱ ራቁና ፍጥነት ያዙ። መሪውን በአንዴ አትጠምዝዙት፤ በኃይል የተጠመዘዘ መሪ ውሃ ውስጥ ፍሬን ነው። በቀስታ ይጀመር፣ መሐል ላይ ይፍጠን።

የፊቱ ሸራ ደቀሉ ላይ የሚለጠፈው በብዛት ገመዱ ዘግይቶ ስለሚለቀቅ ነው። የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ ሲጀምር ያኔ ይለቀቅ፤ ቀድሞ ከተለቀቀ ደግሞ ጉልበት ይባክናል። የለቀቀው ልጅ ገመዱ እግር ሥር እንዳይቆላለፍ ይይ። በወዲያኛው በኩል ያለው ገመዱን ዊንቹ (ገመድ ተጠምጥሞ የሚከረርበት ከበሮ) ላይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ አንድ ወይም ሁለት ዙር ብቻ አድርጎ በእጁ ፈጥኖ ይሳብ። ሸራው ነፋስ ይዞ ሲከብድ ሦስተኛና አራተኛ ዙር ይጨምር፣ ከዚያ በእጀታው ያክርር። ከመጀመሪያው አራት ዙር ከጠመጠመ ገመዱ እርስ በርሱ ይነካከስና በግድ ነው የሚፈታው። ጣት ደግሞ ከዊንቹ ይራቅ። ዙር ሲጨመር መዳፍ ተዘርግቶ፣ አውራ ጣት ወደ ውጭ። ይህን አደራ እላለሁ።

ከዞራችሁ በኋላ ወዲያው ወደ ነፋሱ አትጠጉ። ሸራውን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ፍጥነት አስይዟት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እያከረራችሁ ውጡ። ትንሿ ጀልባ ቀላል ስለሆነች ቶሎ ትነሳለች፤ የእናንተዋ ከባድ ናት፣ ጊዜ ትፈልጋለች። ስለዚህ በመታጠፍ ብዛት አትፎካከሯቸው። ረጅም ሂዱ፣ ጥቂት ታጠፉ።

መምህር (ፊዚክስ፣ ደሴ)
አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ እኛ ዘንድ ሸራውን የሚገፋው በዚያው ልክ ባነሰ ጉልበት ነው። ከጀልባዋ ጋር የመጣ መመሪያ ካለ በዚህ ነፋስ ሸራ ቀንሱ የሚለው ለባሕር የተጻፈ ነውና እዚህ ትንሽ ልትዘገዩ ትችላላችሁ። ጀማሪዎች ግን ቀድመው ቢቀንሱ ይሻላቸዋል።

ነፋስ ሲደክም ደግሞ ሁላችሁም ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አትቀመጡ። ጥቂት ሰው ወደ ሸራው በኩል ይውረድ። ጀልባዋ በትንሹ ስትዘነብል ሸራው በክብደቱ ቅርጹን ይይዛል። ነፋሱ ሲበረታ በተቃራኒው ሁሉም ወደ ነፋሱ በኩል ጠርዝ ላይ ይውጣ።

ዓሣ አስጋሪው (ሐይቅ)
የሰፈሬ ልጆች ናችሁና በግልጽ ልንገራችሁ። መረብ እንጥላለን፤ ያ ከሥር ያለው ብረታችሁ መረባችንን ይዞ እንዳይሄድ። ልምምድ የምትወጡበትን ቀን ቀድማችሁ ለአስጋሪዎች ንገሩ፣ እኛም መረቡ ያለበትን እናሳያችኋለን። ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ 88 ሜትር የሚደርስ ቦታ አለው። ዋና እንችላለን ብላችሁ አትመኩ።

ነፋሱን ከውሃው ላይ አንብቡ። የጠቆረና የተሸበሸበ ውሃ ወደ እናንተ ሲመጣ ካያችሁ ነፋስ እየመጣ ነው። አውድማ ላይ እህል ያዘራ ሰው ነፋሱ ሳይደርስ መንሹን ያነሳ የለ? እንደዚያው ነው። ክረምት ላይ ደመናው ተራራው ላይ ሲጠቁር ቶሎ ወደ ዳር ውጡ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ዳርቻም በጩኸት አትጠጉ። የጸሎት ቦታ ነው፤ አባቶችን አናውክ።

የሐይቅ ልጅ (ጠያቂ)
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን! ጋሼ አስጋሪው፣ ነገ መጥተን እናናግራችኋለን። ስለ አጀማመሩና ስለ መንገድ ቅድሚያ የሚያስረዳን ካለ? ደግሞስ በትልቅና በትንሽ ጀልባ መካከል ማን አሸነፈ ይባላል?

የደሴ ልጅ ከኬፕታውን
የመነሻ መስመሩ በሁለት ምልክቶች መካከል ነው። አንዱ ቆሞ የሚጠብቅ ታንኳ፣ ሌላው ተንሳፋፊ ጀሪካን ቢሆን ይበቃል። 5 ደቂቃ ሲቀር ምልክት ይሰጣል፣ 4 ሲቀር ሁለተኛ፣ 1 ሲቀር ሦስተኛ፣ ከዚያ መነሻው። ከመነሻው በፊት መስመሩን ያለፈ ተመልሶ እንደገና ይነሳል። ጀልባ ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ጊዜ ማስላት አለባችሁ። መስመሩን ለቃችሁ ሂዱ፣ ታጠፉ፣ ተመለሱ፤ መታጠፉ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ በሰዓት ያዙ። ያንን ቁጥር ነፋስ ተመልካቹ በቃሉ ይያዝ። ጀማሪ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ቅድሚያው እንዲህ ነው። ነፋስ ከቀኝ የሚመጣላት ጀልባ ቅድሚያ አላት፣ ከግራ የሚመጣላት ትለቃለች። ሁለቱም በአንድ በኩል ነፋስ ካገኙ ለነፋሱ የቀረበችው ለሌላዋ ትለቃለች። ከኋላ የምትደርስ ደግሞ ከፊት ላለችው ትጠነቀቃለች። ቅድሚያ ቢኖራችሁም ግጭት ማስቀረት ከቻላችሁ አስቀሩ።

ለአሸናፊው፣ የእያንዳንዷ ጀልባ ሰዓት ለፍጥነቷ በተሰጣት ቁጥር ይባዛል። ለምሳሌ ትንሿ 60 ደቂቃ ፈጅታ ቁጥሯ 0.9 ከሆነ፣ 54 ደቂቃ ተብሎ ይያዝላታል። ቁጥሩን ከወዳጅነት ውድድሮቻችሁ ሰዓት አውጡት፤ ሁለቱም ወገን ከመነሻው በፊት ይስማማበት።

ጡረተኛው ባሕረኛ (ኮምቦልቻ)
ይህን ደግሞ ሳልል አልቀርም። ላይፍ ጃኬት ለስምንታችሁም፣ ከዳር እስከ ዳር ሳይወልቅ። ነፋስ ከኋላ ሆኖ ስትዞሩ ዋናው ሸራ ሥር ያለው አግዳሚ ብረት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በኃይል ይወረወራል፤ ራስ ቅል ይመታል። ከመዞራችሁ በፊት ብረቱን በገመድ ወደ መሐል ሳቡት፣ ሁሉም ዝቅ ይበል።

ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ አንድ ሰው በጣቱ እያመለከተ ዓይኑን ከእሱ አይንቀል፤ ሌላ ሥራ አይሠራም። ሌላው ተንሳፋፊ ይወርውርለት። መሪው ዞሮ ነፋሱ ከሚሄድበት በኩል ይቅረብ፣ ሸራው ይለቀቅና ይርገብገብ፣ ጀልባዋ አጠገቡ ስትደርስ ትቁም። በጀሪካን ተለማመዱት። ጀሪካኑን ሁሌም ማንሳት ሳትችሉ ውድድር አትግቡ።

የሐይቅ ልጅ (ጠያቂ)
እሺ አባባ፣ ቃል ገብተናል። ላይፍ ጃኬት ያለን አምስት ብቻ ነው። ሦስቱ እስኪገዛ ድረስ በአምስት ሰው እየተፈራረቅን፣ የፊቱን ሸራ ሳንሰቅል ብንወጣስ?

ጡረተኛው ባሕረኛ (ኮምቦልቻ)
ይቻላል፣ ጥሩ አስበሃል። በዋናው ሸራ ብቻ ወደ ነፋሱ እንደ ልባችሁ አትወጡም፤ ግን መሪውን፣ ትእዛዙንና ጀሪካን ማንሳቱን ትለማመዳላችሁ። ነፋስ ለስለስ ሲል፣ ከዳር ሳትርቁ። ዳር የቀሩት ሦስቱ ሰዓት ይያዙ።

ዓሣ አስጋሪው (ሐይቅ)
እኔም ታንኳዬን ይዤ አጠገባችሁ እሆናለሁ። ጠዋት ሳይሆን ትንሽ ነፋስ ሲነሳ ኑ።