ጦርነቱን ያላመነበት የፓርቲ አባል ውስጥ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

አወያይ፦ እንደምን አደራችሁ ወገኖች። የቅዳሜ ክርክራችን ይኸው። ጥያቄው ማርቆስ ሻይ ቤት ውስጥ የተወለደ ነው። አንዱ ወዳጄ የእንግሊዙን ሮቢን ኩክን አነሳ። ሰውዬው የቶኒ ብሌር ካቢኔ አባል ነበር። አራት ዓመት ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖም ሠርቷል። የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2003፣ ሥልጣኑን ለቀቀ። ፓርላማ ቆሞ ጦርነቱን እንደማይደግፍ ተናገረ። ሲጨርስ አጨበጨቡለት። እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ማጨብጨብ አልተለመደም፤ የዚያን ቀን ግን አጨበጨቡ።

እንግዲህ ገዥው ፓርቲ ሕዝብ ያልወደደው ጦርነት ውስጥ ሲገባ፣ ያላመነበት አባል ምን ያድርግ? ውስጥ ሆኖ ይከራከር? ወይስ ወጥቶ በአደባባይ ይናገር?

እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። የወጣ ሰው የሚሰማው አንድ ቀን ነው። በማግስቱ ስብሰባው ያለ እሱ ይቀጥላል። ደንባችንን አትርሱ፦ ዛሬ ወንበር ላይ ያለን ሰው ስም መጥራት የለም። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስንት ወር እንደከረምን ታውቃላችሁ። ይቺን ግሩፕ መልሰን የሰበሰብናት በስንት መከራ ነው።

የደጀኑ፦ ይውጣ! ይሄ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ጦርነቱ ስህተት ነው ብለህ እያመንክ፣ ጠዋት ተነስተህ በመንግሥት መኪና ቢሮ ትገባለህ? "በውስጥ እየታገልኩ ነው" የሚሉትን እናውቃቸዋለን። ደርግ ሲወድቅ በውስጥ ያልታገለ ባለሥልጣን ነበር እንዴ? ሁሉም ታግሏል! ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ማን ነው ሲዋጋ የነበረው?

የቡሬው፦ 😂 እሱስ እውነት ነው።

የዳንግላው፦ ቀላል አረግኸው ወንድሜ። ኩክ ከሚኒስትርነት ለቆ የት ሄደ? ፓርላማው ውስጥ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ወንበር። በቃ። ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን በላ።

እኛ ጋ ጀነራል አማን አንዶምን አስብ። በመስከረም 1967 የደርጉ ሊቀመንበር ሆኑ። ኤርትራ ድረስ ሄደው ሕዝቡን አነጋገሩ። ነገሩ በጠመንጃ አይፈታም፣ ተጨማሪ ጦር አይላክ አሉ። ደርጉ እምቢ ሲላቸው ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። ወጡ ማለት ነው እንግዲህ፣ አንተ እንደምትለው። ኅዳር 14 ታንክ ቤታቸው መጣ። ሁለት ወር ከምናምን ነው የቆዩት። እዚህ አገር "ይውጣ" ስትል በየት በኩል እንደሆነ አብረህ ተናገር።

የደጀኑ፦ ደርግ ያኔ ፓርቲ አልነበረም። የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ የተመሠረተው ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ምሳሌህ ከጥያቄው ውጭ ነው።

የዳንግላው፦ ስሙን ተወው። ታንኩ ያው ነው።

የፍኖተ ሰላሟ፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር እየሳታችሁ ነው። ጠበቃ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ዝርዝር ላይ ችክ እላለሁ። ኩክ ከፓርቲው አልወጣም። ከካቢኔው ነው የወጣው። የፓርቲው የሌበር አባል እንደሆነ፣ የምርጫ ክልሉን እንደወከለ ነው የቀጠለው። ስለዚህ "ይቆይ ወይስ ይውጣ" የሚለው ጥያቄ ራሱ ተንሻፏል። ከምኑ ነው የሚወጣው? ከሹመቱ? ከፓርቲው? ከአገሩ? ሦስቱ ለየቅል ናቸው።

ደግሞ ኩክ ብቻውን አይደለም። በማግስቱ ድምፅ ሲሰጥ 139 የሌበር አባላት በገዛ መሪያቸው ላይ ድምፅ ሰጥተዋል። አስቡት፣ 139! ክሌር ሾርት የምትባል ሚኒስትር ደግሞ ሹመቷ ላይ ቆየች። ውስጥ ሆኜ ኢራቅን መልሶ በማቋቋሙ ሥራ ላይ ልጠቅም ብላ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላት እሷም ለቀቀች። ያኔ ግን ማን ይስማት? ጦሩ ባግዳድ ገብቶ አድሯል። አወያያችን "ይቆይ" ያልከው እንዲህ ያለውን ነው?

አሜሪካም ብትሄዱ ያው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በቬትናም እንደፈለገ ኃይል እንዲጠቀም ሴኔቱ ሲፈቅድለት ድምፁ 88 ለ 2 ነበር። ሁለቱ ተቃዋሚዎች ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ ይባላሉ። ሁለቱም የራሱ የጆንሰን ፓርቲ ሰዎች ናቸው። በ1968 ምርጫ ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። ግን በዚያው ዓመት ጆንሰን ራሱ ድጋሚ አልወዳደርም አለ። የገዛ ፓርቲው ሰው ማካርቲ ኒው ሃምፕሸር ላይ በፓርቲው የዕጩዎች ምርጫ 42 ከመቶ አግኝቶ አስደንግጦት ነበር። እውነቱ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ ፓርቲው የሰማው።

የእኛም ሕገ መንግሥት እኮ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሦስት ነገር ነው ይላል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ለፓርቲው አይልም። ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል። ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር አይታሰርም ይላል።

የደጀኑ፦ ይላል ይላል ይላል።

የፍኖተ ሰላሟ፦ አዎ ይላል! የተጻፈውን ካልጠራነውማ ማን ሊጠራልን ነው?

የቡሬው፦ እኔ ሌላ ነገር ላንሳ። ሁላችሁም ተቃዋሚውን ሰላም ፈላጊ፣ መሪውን ጦረኛ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። 1993ን አስታውሱ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በ1990 ተጀመረ፣ ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። 12 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት አቶ መለስን ተቃወሙ። ምን ብለው? ጦርነቱ ቀረብን ብለው አይደለም። ጦሩ እያሸነፈ ለምን ቆመ፣ ለምን ለዘብተኛ ሆንን ብለው ነው። ተቃዋሚው ነው ይበልጥ ጦረኛው!

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። "ቦናፓርቲዝም" የሚባል ቃል መጣ። ግማሹ አገር ናፖሊዮንን የተዋወቀው ያን ሰሞን ነው። ውስጥ የተከራከሩት "አንጃ" ተባሉ። አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ገቡ። ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ አለች። ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሰው ያዟቸው። ስድስት ዓመት ታሰሩ።

የፍኖተ ሰላሟ፦ ወዲያው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የለውም የሚል ሕግም ወጣ። ተማሪ ሳለሁ ይሄን ጉዳይ ሳንከራከርበት የዋልንበት ሳምንት አልነበረም።

የዳንግላው፦ ታዲያ የቡሬው፣ ምን ልትል ነው? እነሱ የተከራከሩት እዚያው ውስጥ ነው። አወያያችን እንዳለው ቆይተው። ምን ፈየደላቸው?

የቡሬው፦ የምለውማ፣ "ግምገማ" በሚባል ቤት ውስጥ ሐሳብ አይሸነፍም። ሰው ነው የሚሸነፈው። ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ይሉታል። እስኪወሰን ተከራከር፣ ከተወሰነ በኋላ አፍህን ዝጋ። ችግሩ ገና ስትከራከርም ስምህ ይመዘገባል። ስለዚህ ብልጡ ገና ሳይወሰን አፉን ይዘጋል።

አወያይ፦ እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ልግባ። እኛ ጎጃሞች ለዚህ መድኃኒት አለን እኮ፤ ቅኔ። ሰሙን ለሰብሳቢው፣ ወርቁን ለወዳጅ። የዋሸራን ቅኔ የቀመሰ ካድሬ አንድም ቀን ሳይገመገም ጡረታ ይወጣል። (ቀልድ ነው፣ ካድሬዎች አትቆጡ፤ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ።)

የቢቸናው፦ አወያይ ትቀልዳለህ። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አይጥመኝም። የባለሥልጣን ኅሊና ምን ያረግልናል? የሎንደን ፖሊስ እንኳ ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ ነው ያለው ሰልፈኛ ወጣ፣ 139 ሰው ተቃወመ፣ ኩክ ለቀቀ፤ ጦርነቱ ቀረ? አልቀረም። ብሌርም እ.ኤ.አ. በ2005 ድጋሚ ተመረጠ።

በ1960 ግብሩ የመጣብን ጊዜ፣ እዚሁ ጎጃም ላይ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። አያቴ ነው የነገረኝ። አዲስ አበባ ውስጥ "ተዉ ይሄ ነገር አይሆንም" ያለ መኳንንት ኖሮ ይሆናል። ኖረም አልኖረም፣ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩን ያስነሳውና ውዝፉን ያሰረዘው የሞጣና የቢቸና ገበሬ ነው።

የፍኖተ ሰላሟ፦ ብሌር ተመረጠ፣ አዎ። ግን ከ160 በላይ የነበረው ብልጫው ወደ 66 ወረደ። ከዓመታት በኋላ መንግሥታቸው በራሱ ጦርነት ላይ መርማሪ አቁሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪፖርቱ ሲወጣ፣ ኩክ ያኔ የተናገረውን ሰው ሁሉ እያወጣ አነበበው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሞቷል። አልጠቀመም አትበለኝ። ዘግይቶ ነው የጠቀመው።

የቢቸናው፦ ለሞተው የኢራቅ ልጅ ንገሪው ዘግይቶ እንደጠቀመ።

የባህር ዳሩ ጋሼ፦ ልጆች፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ በ1978 ነው ወደ ኤርትራ የሄድኩት። በብሔራዊ ውትድርና። ላይ ቤት የሚከራከሩትን ታች ያለ ወታደር አይሰማም። የሚሰማው የተረሸኑትን ነው።

ጀነራል ታሪኩ ዓይኔ የናደው ዕዝ አዛዥ ነበሩ። የካቲት 1980 ተረሸኑ። እኛ ምሽግ ውስጥ ነበርን። ያን ቀን አንድም ሰው ምሳ አልበላም። ወር ያህል ሲሆን አፋቤት ላይ ዕዙ ፈረሰ። በዓመቱ ደግሞ ሽሬ። ከዚያ ግንቦት 8 ቀን 1981 ጀነራሎቹ ተነሱ። የኤታማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤ፣ የአየር ኃይሉ አምኃ ደስታ፣ አሥመራ ላይ ደምሴ ቡልቶ። ጦርነቱን በድርድር እናቁም ነበር ነገሩ። ሦስቱም ያን ሰሞን ሞቱ። በዓመቱ ሌሎች 12 ጀነራሎች ተረሸኑ።

እነዚህ ሰዎች ዓመታት ሙሉ ውስጥ ቆይተዋል። አወያዩ እንዳለው። ሜዳልያም አስረዋል። መናገር ሲያምራቸው ግን የቀራቸው በር ጠመንጃ ብቻ ነበር። በጊዜ ያልተነገረ ነገር እንዲህ ነው። እኔ አልፈርድባቸውም። ቢሳካላቸው ኖሮ ሁለት ዓመት ቀድሜ ቤቴ እገባ ነበር።

የደጀኑ፦ ጋሼ እናመሰግናለን። እግዜር ያቆይልን።

አወያይ፦ ጋሼ፣ እውነት ለመናገር "ይቆይ" ያልኩት እየከበደኝ ነው። የመውጫ በር እያለ የቆየና በር አጥቶ የቆየ አንድ አይደሉም። ይቺን አልለየሁም ነበር። የእንግሊዙ ሰው ለቅቆ የሚመለስበት የምርጫ ክልል ነበረው። መራጮቹ ናቸው የሚያወርዱት፣ ብሌር አይደለም። ወንበርህ ከፓርቲው የተቸረህ ከሆነ ግን...

የሞጣዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ሁላችሁም ሚኒስትርና ጀነራል ነው የምታነሱት። እኔ ስለ አባቴ ልናገር።

አባቴ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። የኢሠፓ አባልም ነበር። የውትድርና ኮታ ይመጣል፤ ከእናንተ ማኅበር ይህን ያህል ወጣት ይባላል። አባቴ ስብሰባው ላይ እጁን ያወጣል። ያጨበጭባል። መፈክሩን ከሁሉ አስቀድሞ ይላል። ስም ዝርዝሩንም በእጁ ይጽፋል።

ለአፈሳ ሊመጡ ማታውን እኔን ይጠራኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። "እነ እገሌ ቤት ሂጂና፣ ጠላው ደርሷል ወይ ብሏል አባቴ በያቸው" ይለኛል። አራት አምስት ቤት እዞራለሁ። አንድም ቤት ጠላ አልተጠመቀም፤ እኔም ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። ጠዋት የእነዚያ ቤቶች ጎረምሶች የሉም። ወደ አባይ በረሃ ወርደዋል።

አባቴ አንድም ቀን ጦርነቱን ተቃውሞ አልተናገረም። ደርግ ሲወድቅ ካድሬ ነበርክ ተብሎ ታሰረ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ እሱ ውስጥ የቆየ ነው ወይስ የወጣ?

የዳንግላው፦ ይሄ ነው ሰውዬ! ከኩክም ይበልጣል። ሰምና ወርቅ እንዲህ ነው።

የቢቸናው፦ ነፍስ ይማር። ወይስ በሕይወት አሉ?

የሞጣዋ፦ አርፏል። አሥር ዓመት ሆነው።

የደጀኑ፦ እኔም ቃሌን አነሳለሁ። እንዲህ ከሆነ ይቆይ።

የባህር ዳሩ ጋሼ፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጆቹ በረሃ ሲወርዱ ኮታው ይጎድላል። የጎደለውን ምን ያደርጉት ነበር?

የሞጣዋ፦ አላውቅም ጋሼ። ልጅ ነበርኩ።

የባህር ዳሩ ጋሼ፦ እኔ አውቃለሁ። ከጎረቤት ማኅበር ይሞላል። ዛሬ ባህር ዳር ብኖርም ትውልዴ ሞጣ አውራጃ ነው። የታፈስኩት ገበያ ውዬ አህያዬን እየነዳሁ ስመለስ ነው። ስሜ ዝርዝር ላይ አልነበረም። አህያዋ ብቻዋን ቤት ገባች አሉኝ በኋላ።

የሞጣዋ፦ ጋሼ፣ የየትኛው ቀበሌ ልጅ ነዎት?

የባህር ዳሩ ጋሼ፦ ስልክሽን በውስጥ ላኪልኝ። ማታ እደውልልሻለሁ።