መጻሕፍቱን ለማን ትቼ ልሂድ?

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ የዲቪ ቃለ መጠይቃችንን ጨርሰን ቪዛ የተመታበትን ፓስፖርት ተቀብለናል፤ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ሜሪላንድ ለመምጣት የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት እዚህ የጻፋችሁትን አንብቤ ብዙ ተጠቅሜአለሁ። አሁን የምጠይቃችሁ ግን ሰው ሁሉ እንደ ቀላል ስለሚያልፈው ጉዳይ ነው። አባቴ መምህር ነበሩ፤ ሲያርፉ የመጽሐፍ መደርደሪያቸው ለእኔ ደረሰኝ፤ እኔም በበኩሌ ስጨምርበት ኖሬ ዛሬ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይዟል። ከመጻሕፍቱ ሌላ የቆዩ የመነንና የየካቲት መጽሔቶች፣ አያቴ ይደግሙበት የነበረ የብራና ዳዊት፣ የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍና የእናቴ መሶብ አሉ። ባለቤቴ ሁሉም ተሸጦ ገንዘቡ ለመቋቋሚያ ይሁነን ይላል። እኅቴ ደግሞ በካርቶን አሽጋችሁ እኔ ዘንድ አስቀምጡት፣ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ ትለናለች። እኔ ሁለቱም አልዋጥልኝ ብሎኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ከእኅትዎ ሐሳብ ልጀምር፤ ደግነቱ ባይካድም፣ ከቀረቡልዎ ምርጫዎች ሁሉ የሚከፋው እርሱ ይመስለኛል። በካርቶን የታሸገ መጽሐፍ የሚቀመጠው ሰው በማይገባበት ስቶር ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው፤ እዚያም እርጥበት፣ ምስጥና አይጥ በየተራ ይጎበኙታል። ከዚያም በላይ እኅትዎ ዛሬ ያሉበት ቤት ነገ የሚኖሩበት ቤት ላይሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ስንት ሰፈር በልማት ተነሥቶ፣ ግቢ የነበረው ቤተሰብ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ዕቃውን የሚያስገባበት ጠፍቶት እንደ ቆየ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። በእንዲህ ያለ ቀን መጀመሪያ የሚሰናበተው ባለቤቱ ባሕር ማዶ ያለ ካርቶን ነው፤ ቆራሌው ይጠራና በኪሎ ይወስደዋል፤ የአባትዎ መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየተቀደደ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። እኅትዎም አደራ በላሁ እያሉ ሲጨነቁ ይኖራሉ። አደራ መስጠት እርስዎ መወሰን ያቃተዎትን ነገር እርሳቸው እንዲወስኑት ማስገደድ ነው።

ጊዜውን በሚመለከት፣ የስደተኛ ቪዛ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ከሕክምና ምርመራው ቀን ጀምሮ እስከ ስድስት ወር ድረስ ብቻ ስለሆነ ቀነ ገደቡን ፓስፖርትዎ ላይ ይመልከቱ፤ መጻሕፍቱን ግን በምንም ምክንያት ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉአቸው። የመጨረሻው ሳምንት የስንብት ሳምንት ነው፤ ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ይሞላል፣ ቡና ከምድጃ አይወርድም፣ ማንም ተቀምጦ መጽሐፍ የሚለይበት ፋታ አያገኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ለሚጓዝ የኢኮኖሚ ክፍል ተሳፋሪ የሚፈቅደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የሚሆን የእጅ ሻንጣ ነው። ባዶው ሻንጣ ራሱ አራት ኪሎ ቢወስድና መካከለኛ ልስልስ ሽፋን ያለው መጽሐፍ 400 ግራም ያህል ቢመዝን፣ አንድ ሻንጣ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት ሃምሳ መጽሐፍ አይሞላም። ለአራታችሁ ከሚፈቀዱት ስምንት ሻንጣዎች አንዱን ለመጻሕፍትና ለወረቀት ይመድቡ እላለሁ። ባለቤትዎ ይህ በዛ ካሉ፣ የክረምት ካፖርት እዚህ በርካሽ እንደሚገኝ ይንገሯቸው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ካፖርት ለጥር ወር የሜሪላንድ ብርድ አይሆንም።

በዚያ በአንዱ ሻንጣ ምን ይግባ? እዚህ ላይ ከብዙ ሰዎች እለያለሁ። ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው በጣም የሚወደውን፣ ስሙ የገነነውን ልብ ወለድ ነው። ይህ ግን ብዙ ጊዜ በሺዎች ቅጂ የታተመ፣ ደጋግሞም የታተመ፣ እዚህም በሐበሻ ሱቆች መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ነው። በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ዘመን የወጡትም ቢሆኑ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ ይገኛሉ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን ኅትመቶች ሲሰበስብ የኖረ በመሆኑ፣ እርስዎ ሜሪላንድ ከገቡ በኋላ በሜትሮ ባቡር ዋሽንግተን ወርደው፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የአንባቢ መታወቂያ አውጥተው በጄፈርሰን ሕንጻ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል ውስጥ የአማርኛ መጻሕፍትን ማንበብ ይችላሉ። ይህን ሳውቅ በግሌ ትልቅ ሸክም ቀልሎልኛል፤ መጽሐፉ የእኔ መሆኑ ቀረ እንጂ ማንበቤ አልቀረም።

ሌላ የትም የማይገኘው ከመጻሕፍቱ መካከል የተወሸቀው ወረቀት ነው። አባትዎ መምህር ከነበሩ የትምህርት ቤት ዓመታዊ መጽሔት፣ በእጅ የተዘጋጀ የትምህርት ማስታወሻ፣ የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ከቀድሞ ተማሪ የመጣ ደብዳቤ ሊኖር ይችላል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአሰሳውና በቀይ ሽብሩ ፍርሃት ስንቱ ቤተሰብ መጽሐፉንና ወረቀቱን በሌሊት እንዳቃጠለ፣ ስንቱም ጓሮ እንደ ቀበረ የሚታወቅ ነው። ከዚያ ያመለጠ ወረቀት ዛሬ ከታተመ መጽሐፍ ይልቅ ብርቅ ነው። ስለዚህ አንድም መጽሐፍ ሳያገላብጡ ከቤት አያስወጡ። አባትዎ በኅዳግ የጻፉበትን ይዘው ይምጡ፤ የመታሰቢያ ፊርማ ያለበትን ደግሞ መጽሐፉን ባይወስዱት እንኳ ገጹን በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሡት፤ ገጹን ገንጥሎ መውሰድ ግን መጽሐፉን መግደል ነውና ይቅርብዎ።

የመነንና የየካቲት መጽሔቶችን በተመለከተ፣ በተከታታይ እትም የተሟሉ ከሆኑ አይበትኗቸው። የእትሞቹን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ጽፈው በስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም ለወመዘክር ያሳዩ፤ የሚጎድላቸው ካለ ራሳቸው ይነግሩዎታል። ያለ ዝርዝር በታክሲ ጭኖ በር ላይ ማውረድ ግን ስጦታ ሳይሆን ሥራ ማብዛት ነው።

መሸጡንም አልነቅፍም፤ መቋቋሚያ ያስፈልጋችኋል። ነገር ግን የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችና አዟሪዎች ዋጋን ከባለቤቱ በተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ቤት ድረስ መጥተው በጅምላ ሲገዙ ትርፋቸው ያለው ኅትመቱ ባለቀው ጥቂት መጽሐፍ ውስጥ ሲሆን፣ ለቀረው ክምር የሚከፍሉት የወረቀት ዋጋ ነው። አስቀድመው ለይተው፣ ብርቅ የሆኑትን ለየብቻ ቢያስገምቱ ይሻላል።

ከሁሉ የምወድደው መንገድ ግን ሌላ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአባትዎን የቀድሞ ተማሪዎችና ባልደረቦች ቡና ይጥሯቸው፤ እያንዳንዱም ከመደርደሪያው የሚወድደውን አንድ ሁለት መጽሐፍ ይምረጥ። በርከት ያለ ነገር ይሰማሉ፦ ይህን መጽሐፍ አውሰውኝ ነበር፣ በዚህኛው ተቆጥተውኛል፣ ይህን ከክፍል ፊት ቆመው አንብበውልናል የሚል። በገዛ እጅ ለሚታወቅ ሰው የተሰጠ መጽሐፍ ባሕር ማዶ ሆኖ አያስቆጭም፤ የት እንዳለ ይታወቃላ! ልጆችዎም ይህን ቢሰሙ ደግ ነው፤ አያታቸውን በዚያ ቀን የበለጠ ያውቋቸዋል።

የብራናው ዳዊት ነገር በጥብቅ የሚታይ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ከአያት የተወረሰ መሆኑም ይህን አይለውጠውም። በቦሌ ከተያዘ ቅርሱን ማጣት ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛውም መዘዝ አለው። ቅጠል በቅጠል ፎቶ ያንሡትና ምስሉን ይዘው ይምጡ፤ ዳዊቱን ደግሞ አያትዎ ያገለግሉበት ለነበረው ደብር ወይም ለጥናትና ምርምር ተቋሙ ያስረክቡ፣ የርክክብ ወረቀትም ይቀበሉ። ብራናን በምስል ማስቀረት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂ ሚኒሶታ ውስጥ በኮሌጅቪል ተቀምጦ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

የጉሬዛው ምንጣፍም አይምጣ። ጉሬዛ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በተለምዶ ሳይቲስ በሚባለው፣ ዝርዝር ውስጥ ያለ እንስሳ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ወረቀት የመጣ ቆዳ እዚህ አየር ማረፊያ ላይ ይወረሳል። በዕድሜ የገፋ መሆኑን በቃል መናገር አይበቃም።

መሶቡ ግን ይምጣ። ነቀዝ እንደሌለበት አይተው፣ ፀሐይ አስመትተው፣ በውስጡ ጋቢና ነጠላ ሞልተው ይያዙት፤ ከሣር የተሠራ ስለሆነ በጉምሩክ ቅጽ ላይ ያስመዝግቡት፤ ፈታሹ አይቶ ይመልስልዎታል፣ ነፍሳት ካገኘበት ግን ሊያስቀረው ይችላል። በቀረጥ በኩል አይስጉ፤ መጽሐፍ ቀረጥ የለበትም፣ ከዓመት በላይ የተገለገሉበት የቤት ዕቃም ከቀረጥ ነጻ ይገባል።

ተጨማሪ አስተያየት፣ ከፍራንክፈርት

ወንድማችን ከሲልቨር ስፕሪንግ በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ልለይ። ለመጽሔቶቹ ትልልቅ ተቋማትን መጥቀሳቸው ትክክል ነው፤ ለቀሩት መጻሕፍት ግን የተሻለ ቦታ አባትዎ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ይመስለኛል፣ በተለይ ክፍለ ሀገር ከሆነ። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሕዝብ በስጦታ ብዙ መጻሕፍት ተሰብስበውለታል፤ በወረዳ ከተማ ያለ ተማሪ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የሚያነብበው ማግኘቱ ያጠራጥራል። እርግጥ ነው፣ የተሰጠው መጽሐፍ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የሚሰጡት ለትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ሳይሆን መጻሕፍቱን ለሚረከብና ለተማሪ ለሚያውስ አንድ መምህር ይሁን።

ስለ ልጆቹም አንድ ነገር ልጨምር። ፊደል ገበታውን፣ የተረት መጻሕፍቱን፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትን የአማርኛ መማሪያዎች ከአዋቂዎቹ መጻሕፍት አስቀድመው ሻንጣ ውስጥ ያስገቡ። እዚህ ጀርመን የተወለዱ ልጆችን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አማርኛ ስናስተምር የሚያንሰን መምህር ሳይሆን ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ ነው፤ ፎቶ ኮፒ በፎቶ ኮፒ ላይ እየተነሣ ፊደሉ የማይነበብ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ልጅም የራሱን ሦስት አራት መጽሐፍ ወይም ዕቃ ራሱ እንዲመርጥ ይፍቀዱለት፤ የመረጠው የተሰበረ መኪና ቢሆንም አይከልክሉት።

ከጠያቂዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ለባለቤቴ አንብቤለት ነበር፤ አንዱን ሻንጣ ለወረቀትና ለመጻሕፍት መመደቡን ተቀብሏል፣ ካፖርቱን መተዉ ላይ ግን ገና አልተስማማም። ትናንት መደርደሪያውን ማገላበጥ ጀምረን ከአንድ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አባቴ በደብረ ብርሃን ሳሉ የያዙት የተማሪዎች ስም ዝርዝር ወጣ። ከስሞቹ ሁለቱን እናቴ ታውቃቸዋለች፤ ለእሑዱ ቡና እነርሱን በስልክ እየፈለግናቸው ነው። ዳዊቱን ለደብሩ ከማስረከባችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቅጠሎቹ ደርቀው ሲገለጡ ይንኰሻኰሻሉ፤ ፎቶ ሲነሡ እንዳይሰነጠቁ በምን ዓይነት መንገድ ነው የሚገለጡት? የምታውቁ ብትነግሩኝ እስከዚያ ድረስ አልነካውም።