ታይፎይድ ይታይልኝ ብል ሐኪሙ እንቢ አለኝ

ከደብረ ብርሃን ነኝ። ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ታይፎይድና ታይፈስ እዘዝልኝ ስለው የወባ ብቻ ጻፈልኝ። በዚህ ብርድ ምን ወባ አለ? ከፋዩ እኔ!

መልስ 1፦ ሰሞኑን ሸዋ ሮቢት ወርደህ ነበር? ቆላ ደርሶ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ወባ ነው የሚታየው። ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ ያ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው የታይፎይድ ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ ድሮ ታመህ ወይም ተከትበህ ከነበረ ዛሬም ፖዘቲቭ ሊልህ ይችላል። የተሻለው የደም ካልቸር ነው፣ ማለትም ከደምህ ጀርሙን አሳድጎ ማየት፤ እሱ ደግሞ ቀናት ይፈጃል።

መልስ 2፦ ሐኪሞቹም አሉበት እኮ፤ በሽተኛው እንዳያኮርፍ ብሎ ዊዳል የሚያዝለት ሐኪም ሞልቷል። ያንተው ደህና ነው፣ ግን ምክንያቱን ጠይቀው፣ ማስረዳት አለበት።

ጠያቂው፦ ሮቢትማ ለሥራ ሰንብቼ ነበር። በቃ ለወባው ምርመራ ደም ልሰጥ ነው።